የፌስኪው መስክ ላይ ማገጥ አልበረክት አለ፤ ላሞቹም በሙቀት ወራት ይዳከማሉ

ባለ መስክ፦

ጤና ይስጥልኝ። 10 ሄክታር የቆየ የረጅም ፌስኪው (የግጦሽ ሣር ዓይነት ነው) መስክ አለ። 30 ላሞች ይግጡበታል፣ በአማካይ 500 ኪሎ ይመዝናሉ። ሣሩ ድርቁንም ብርዱንም ይችላል፣ መሬቱ ተራቁቶ አያውቅም። ችግሩ ሁለት ነው።

አንደኛው ማገጡ ነው። ነጭ ማገጥ (በዘር ከረጢቱ ላይ ነጭ ክሎቨር የሚባለው) ሁለት ጊዜ ተዘርቶ ሁለቱንም ጊዜ በደንብ በቀለ፣ ግን ዓመት ሳይሞላው ጠፋ። ሁለተኛው ላሞቹ ናቸው። ሙቀቱ ሲገባ ቀን ቀን ከጥላ አይወጡም፣ ኩሬ ውስጥ ገብተው ይቆማሉ፣ ያለከልካሉ። የብርድ ወራት ጠጉራቸው ሳይረግፍ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ ጥጆቹም የሚገባቸውን ያህል ክብደት አይጨምሩም። ሣሩ ግን ለዓይን ለምለም ነው።

ጥያቄዎቼ፦ ማገጡን እንዲበረክት ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? በሄክታር ስንት ኪሎ ዘር? ሣሩን አጥፍቶ እንደገና መዝራት ግድ ነው ወይስ በአያያዝ ይስተካከላል? መስኩ አሁን ላሞቹ ከገቡበት እስኪወጡ እስከ ታች ድረስ ነው የሚጋጠው።


ሣር ተመልካች፦

ወንድሜ፣ የላሞቹን ነገር ላስቀድም፤ ማገጡም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

የጻፍከው ምልክት በሙሉ የፌስኪው መመረዝን ይመስላል። ሣሩ በራሱ መርዝ የለውም። መርዙን የሚያመነጨው በሣሩ ውስጥ፣ በሴሎቹ መካከል የሚኖር ኢንዶፋይት የሚባል ፈንገስ ነው። ከውጭ አይታይም፣ ቅጠሉን አያጠወልግም፣ ቀለሙን አይለውጥም። እንዲያውም ሣሩ ድርቅን፣ ነፍሳትንና ከባድ ግጦሽን እንዲችል የሚያግዘው እሱ ነው፤ መስክህ ተራቁቶ የማያውቀውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። በጣም የተስፋፋው ኬንታኪ 31 የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1943 ተለቅቆ በሰፊው ሲዘራ በጠንካራነቱ ነበር የተወደደው። ከብቶቹ ለምን እንደሚከሱ በውል የታወቀው ፈንገሱ በ1970ዎቹ ከሕመሙ ጋር ሲያያዝ ነው።

ዋናው መርዝ ኤርጎቫሊን ይባላል። የደም ሥሮችን ያጠብባል። በሙቀት ጊዜ ደም ወደ ቆዳ በበቂ ስለማይደርስ ላሟ ሙቀቷን ማስወጣት ያቅታታል፤ ስለዚህ ኩሬ ትፈልጋለች፣ ቀን መጋጥ ትተዋለች። በብርድ ጊዜ ደግሞ ያው መጥበብ የጆሮን ጫፍ፣ የጭራን ጫፍና የኋላ እግሮችን ደም ያሳጣል። ከሰኮናው በላይ ባለው ቆዳ ላይ እብጠት ወይም መቅላት አይተህ ላሟ ካነከሰች በዚያው ቀን ከዚያ መስክ አውጥተህ ሐኪም ጥራ፤ ከዘገየ ሥጋው ይሞታል፣ ሰኮናው ሊወልቅ ይችላል። መርዙ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞንም ስለሚቀንስ ወተት ይጎድላል፣ አሮጌው ጠጉርም አይረግፍም። የጥጆቹ ክብደት ከዚህ ይመጣል።

አሁን ለአያያዝ የሚጠቅመውን ልንገርህ። መርዙ በሣሩ ላይ እኩል አልተሰራጨም። ከሁሉ የሚበዛው ዛላው ውስጥ፣ ዘሩ ላይ ነው። ቀጥሎ አገዳውና ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበት የታችኛው ክፍል፣ በተለይ ከአፈር በላይ ያለው 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰፊው ቅጠል ላይ ትንሹ ነው። ላሞችህ "እስከ ታች" የሚግጡ ከሆነ በየቀኑ የሚበሉት መርዙ የተከማቸበትን ክፍል ነው ማለት ነው። ሣሩ ዛላ ሲያወጣ ደግሞ ዛላውን ይበላሉ። ሁለቱን በሮች መዝጋት ይቻላል።

አንደኛው ቁመት ነው። ሣሩ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አስገባ፣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሲቀር አስወጣ። በሙቀት ወራት ወደ 10 አድላ። የምትለካው ደግሞ የተዘረጋውን ቅጠል በእጅህ አቅንተህ ሳይሆን ሣሩ ራሱ ቆሞ ባለበት ነው፤ ካቀናኸው ሁልጊዜ ከእውነተኛው በላይ ያሳይሃል።

ሁለተኛው ዛላው ነው። ዛላው ገና በቅጠሉ ሽፋን ውስጥ አብጦ ሲዳሰስ ወይም ጫፉ ብቅ ሲል ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ እጨደው። አበባ እስኪያወጣ ከጠበቅህ ጊዜው አልፏል። ታጭዶ ድርቆሽ ሊሆን ከሆነም ሰዓቱ ያው ነው። በማድረቅና በማቆየት መርዙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ በእርጥበቱ ተጠቅልሎ የሚብላላው መኖ ደግሞ ከደረቁ ይልቅ መርዙን ይዞ ይቆያል።

ምን ያህሉ ሣር እንደተያዘ ሳታውቅ ግን ትልቅ ወጪ አትጀምር። ሣሩ በደንብ በሚያድግበት ጊዜ መስኩን በዚግዛግ እየተጓዝህ ከ30 እስከ 40 ከሚሆኑ ቦታዎች፣ ከእያንዳንዱ ቦታ አንድ ወፈር ያለ ግንድ ብቻ፣ በቢላዋ ከአፈር ጋር አስተካክለህ ቁረጥ። ከታች 10 ሴንቲ ሜትር አስቀርተህ ላዩን ጣለው፤ ፈንገሱ የሚገኘው ታች ነው። በላስቲክ ከረጢት፣ ቀዝቀዝ ባለ ዕቃ (በረዶ ሳይሠራበት) ሳይዘገይ ወደ ላቦራቶሪ ይድረስ። ከአንድ ቦታ አምስት ግንድ መቁረጥ ስህተት ነው፤ የአንድ ሥር ልጆች ስለሆኑ አምስት ጊዜ አንድን ተክል መመርመር ይሆናል። መልሱ የሚመጣው ከመቶ ስንቱ እንደተያዘ ነው። በማደግ ላይ ላሉ ከብቶች እንደ ግምት የሚያዘው፣ የተያዘው ሣር በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር የቀን ክብደት ጭማሪ በ45 ግራም ገደማ ይቀንሳል የሚለው ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ፈንገሱ ከተክል ወደ ተክል አይዘልም፣ በነፋስ አይሄድም። የሚተላለፈው በዘር ብቻ ነው። ስለዚህ ዛላውን መከልከል የዛሬን መርዝ ብቻ ሳይሆን የነገን መስፋፋትም ያቆማል።


ዘር በታኝ፦

የማገጡን እኔ ልውሰድ። በቅሎ ከጠፋ ዘሩ ደህና ነበር፤ የገደለው ከመብቀሉ በኋላ የመጣ ነገር ነው። በፌስኪው መስክ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጥላ ነው፣ ቀጥሎ ኮምጣጣ አፈር፣ ቀጥሎ ዩሪያ።

ከአፈሩ ልጀምር። ማገጥ ፒኤቹ (የአፈሩ ኮምጣጣነት መለኪያ፤ ሲያንስ ኮምጣጣ ነው) ከ6.0 እስከ 6.5 ቢሆንለት ይወዳል። ፌስኪው ከዚያ በታችም ይኖራል፤ ስለዚህ የሣሩ ልምላሜ ስለ ኮምጣጣነቱ ምንም አይነግርህም። በምርመራው ኖራ ከታዘዘ ከዘሩ ቢያንስ 6 ወር ቀድመህ በትነው፤ ሳይታረስ ላዩ ላይ የተበተነ ኖራ ወደ ታች የሚወርደው በጣም በዝግታ ነው። ፎስፎረስና ፖታሽም ከተጓደሉ ማገጡ ቀድሞ ይሸነፋል፣ የሣሩ ሥር ፖታሽ በመሻማት ከማገጡ ይበረታልና። መስኩ ድርቆሽ የሚታጨድበት ከሆነ ይህን አትዘንጋ፤ አንድ ቶን ድርቆሽ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ፖታሽ ይዞ ይወጣል። ግጦሽ ግን አብዛኛውን በእበትና በሽንት ይመልሰዋል።

ዘሩ። ነጭ ማገጥ ብቻውን ከሆነ በሄክታር 2 ኪሎ፣ ቀይ ማገጥ ብቻውን ከሆነ 8 ኪሎ ገደማ። ለዚህ መስክ የምመርጠው ቅይጡን ነው፦ 6 ኪሎ ቀይና 1.5 ኪሎ ነጭ። ቀዩ ቁመት ስላለው ከፌስኪው ጋር ለብርሃን ይሻማል፣ በመጀመሪያው ዓመት ቶሎ ይደርሳል፣ ግን ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው ዕድሜው። ነጩ ዘግይቶ ይጀምርና መሬት ለመሬት በሚሄድ ግንዱ እየሰደደ ይቆያል። ቀይ ማገጥ ለዚህ መስክ ሌላም ጥቅም አለው፤ ባዮካኒን ኤ የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው በመርዙ የጠበቡ የደም ሥሮችን ዘና እንዲሉ ያግዛል። ስለዚህ ቀይ ማገጥ መርዙን ማሳሳት ብቻ አይደለም ሥራው።

2 ኪሎ ትንሽ ከመሰለህ ቁጠረው። አንድ ኪሎ ነጭ ማገጥ ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ያህል ዘር አለ፤ 2 ኪሎ በሄክታር ማለት በየካሬ ሜትሩ ከ300 በላይ ዘር ነው። የሚጎድለው ብዛቱ ሳይሆን ከአፈር ጋር መነካካቱ ነው። የተለበጠ ዘር ከገዛህ ግን ልባጩ ከክብደቱ ሲሶውን ሊይዝ ስለሚችል በከረጢቱ ላይ ያለውን መቶኛ አይተህ መጠኑን ከፍ አድርግ።

አዘራሩ። ሌሊት አፈሩ የሚረጋበት፣ ቀን የሚቀልጥበት አገር ከሆነ በብርዱ ማብቂያ ላይ በብተና ዝራው፤ አፈሩ እየተሰነጠቀና እየተመለሰ ዘሩን ራሱ ይቀብረዋል። እንዲህ ያለ ብርድ በሌለበት እርጥበቱ ሲጀምር በመስመር መዝሪያ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራል። ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በታች የገባ የማገጥ ዘር ጉልበቱ አልቆ አፈር ውስጥ ይቀራል። መዝሪያ መኪናው ጥልቅ እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ከኋላ እየተከተልህ እይ፤ በመስመሩ ላይ አልፎ አልፎ ያልተሸፈነ ዘር መታየት አለበት። ምንም ዘር ካልታየህ ጥልቅ ነው።

ከዘሩ በፊት ሣሩ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር መጋጥ አለበት፤ አፈሩ መታየት አለበት። ይህ ከላይ ከተባለው 8 ሴንቲ ሜትር ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ነገር ግን የሚደረገው በብርዱ መጨረሻ፣ መርዙ በሚያንስበት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ፣ ድርቆሽ እየታከለበት ነው። የሙቀት ወራት ላይ አይሞከርም።

ባክቴሪያውን አትርሳ። ማገጥ ናይትሮጅን የሚይዘው ሪዞቢየም ሥሩ ላይ ሲገባለት ነው፤ ለአልፋልፋ የተዘጋጀው ባክቴሪያ ለማገጥ አይሠራም። ጊዜው ያላለፈ፣ ቀዝቃዛ ቦታ የቆየ ይሁን፤ ዘሩን ለወጉ አርጥበህ ለውሰውና በዚያው ቀን ዝራ። የተለወሰ ዘር ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ሳጥን ከተቀላቀለ ጨዉ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

አሁን ወደ ገዳዩ። ብርዱ ሲያልፍ ፌስኪው በሳምንታት ውስጥ ይፈነዳል፣ የማገጡ ቡቃያ ደግሞ ያን ጊዜ ሁለትና ሦስት ቅጠል ነው ያለው። ሣሩ 15 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሥሩ ያለው ብርሃን ያልቃል። ስለዚህ "ቡቃያው ይጠንክር" ተብሎ መስኩ ሲዘጋ ነው ማገጡ የሚያልቀው። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው፦ ሣሩ ከ15 እስከ 20 ሲደርስ ብዙ ከብት በአንድ ላይ አስገብተህ በ1 ወይም 2 ቀን ወደ 10 አውርደህ አስወጣ። ሣሩ በተመለሰ ቁጥር ድገመው። ከብቶቹ የማገጡን ቡቃያ መቀንጠብ ሲጀምሩ የዚያን ዙር አቁምና ማገጡ 8 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ አሳርፈው። አፈሩ ጭቃ ከሆነ አታስገባ፤ ሰኮና የረገጠው ቡቃያ አይነሳም።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ተክል በመቆፈሪያ ከነአፈሩ አውጣ። አትንቀለው፤ ሲነቀል እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። አፈሩን በውኃ እጠብና ሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች አንዱን በጥፍርህ ሰንጥቀው። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ሐምራዊ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም፤ ወይ ባክቴሪያው ሞቷል፣ ወይ አፈሩ ኮምጣጣ ነው፣ ወይ ናይትሮጅን ተበትኖበታል።


ባለ መስክ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላልኩት ነገር አለ፤ በየዓመቱ ብርዱ ሲያበቃ በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ይበተናል። ሰፋፊ ቅጠል አረምም ስላለ 2,4-ዲ ይረጫል። ማገጡን ያጠፋው ይህ ይሆን? ሌላው፣ ማገጥ የበዛበት መስክ ከብት ሆዱን ይነፋል ሲባል ስለምሰማ ሥጋት አለ። የዙሩን ስሌትም ብታሳዩኝ።


ዘር በታኝ፦

አዎ፣ ሁለቱም። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። በዚያ ሰዓት ሲገባ ሣሩ ብቻ ይወስደውና ማገጡን ይጋርደዋል፤ የሣሩንም ኤርጎቫሊን ከፍ ያደርጋል። ማገጡ ከመኖው ክብደት ከ25 እስከ 30 በመቶ ከደረሰ የብርድ ማብቂያውን ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ተወው። ጥሩ የማገጥ ቅይጥ በዓመት በሄክታር ከ80 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ሊይዝ ይችላል። ለመጀመሪያው ዓመት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ማገጡ የያዘውን ለሣሩ በቀጥታ አያካፍልም። ሣሩ የሚያገኘው ሥሩና ቅጠሉ ሲበሰብስ፣ ከዚያም በላይ በከብቶቹ ሽንትና እበት በኩል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ሣሩ ገርጣ ቢል አትደንግጥ፣ ዩሪያም አትመልስ።

2,4-ዲ ቡቃያ ማገጥን ይገድላል፣ የቆየውንም ክፉኛ ይጎዳል። አረሙን ከማገጡ ዘር ቀድሞ ባለው ወቅት ጨርሰህ አጥፋ፣ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የቆይታ ጊዜ ጠብቅ፣ ከዚያ ዝራ። አሚኖፒራሊድ ያለበት ፀረ አረም ከሆነ አፈር ውስጥም፣ ድርቆሽ ውስጥም፣ የበላው ከብት እበት ውስጥም ሳይቀር ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በዚያ መስክ ማገጥ ለመዝራት አታስብ።

25 በመቶ የሚለውን በዓይን አትገምት። የማገጥ ቅጠል አግድም ስለሚዘረጋ ሁልጊዜ ከክብደቱ በላይ ይመስላል፤ ለዓይን ግማሽ የመሰለ መስክ ሲመዘን ብዙ ጊዜ ሲሶ አይሞላም። 100 እርምጃ ሂድ፣ በየእርምጃው የጫማህ ጫፍ የነካውን ጻፍ፦ ማገጥ፣ ሣር፣ አረም፣ ባዶ። ከ40 በላይ ማገጥ ከሆነ በደህና ቦታ ነህ። ከ15 በታች ከሆነ ዳግም ዘር ያስፈልጋል። ቀይ ማገጡን ግን ቁጥሩ እስኪወርድ አትጠብቅ፤ በየሁለት ዓመቱ 4 ኪሎ ያህል በብርዱ ማብቂያ መበተን አዲስ ከመጀመር ይቀላል።


ሣር ተመልካች፦

ስሌቱ እንዲህ ነው። 500 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ከክብደቷ 2.5 በመቶ ደረቅ መኖ ትበላለች፤ 12.5 ኪሎ። 30 ላም 375 ኪሎ። ጥቅጥቅ ያለ የፌስኪውና የማገጥ መስክ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ቁመት በሄክታር 100 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይይዛል። ከ20 ወደ 8 ስታወርደው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 1200 ኪሎ ነው። ከዚህ የሚረገጠውና በእበት የሚበላሸው ሲወጣ 60 በመቶው፣ 720 ኪሎ ለአፍ ይደርሳል። 375 ለ720 ሲካፈል በቀን ግማሽ ሄክታር ትፈልጋለህ። 10 ሄክታሩ በ19 ቀን ያልቃል።

ሣሩ በሚፈነዳበት ጊዜ 19 ቀን ዕረፍት ይበቃዋል። በሙቀት ወራት ግን ቢያንስ 30 ቀን፣ ድርቅ ካለ 45 ይፈልጋል። መስክህ "እስከ ታች" የሚጋጠው ለዚህ ነው፤ በዝግታው ወቅት 10 ሄክታር በ30 ቀን ዙር የሚችለው 18 ወይም 19 ላም ነው። የቀሩትን 11 ላሞች መኖ በድርቆሽ ወይም በሙቀት በሚበቅል ሌላ ሣር መሙላት አለብህ። 2 ሄክታሩን ለሙቀት ወራት ሣር መለየት ከሁሉ የምመርጠው ነው፤ መርዙ በሚያይልበት ሰዓት ላሞቹን ከፌስኪው ያወጣልሃልና።

የክፍሉ ብዛት የሚገኘው የዕረፍቱን ቀን ለግጦሹ ቀን አካፍለህ አንድ ስትጨምር ነው። በየክፍሉ 3 ቀን ከቆዩና 30 ቀን ዕረፍት ከፈለግህ 11 ክፍል። ከ3 ቀን በላይ አታቆያቸው፤ በአራተኛው ቀን አዲስ የበቀለውን ቅጠል ተመልሰው መንጨት ይጀምራሉ፣ ሥሩ የሚደክመውም ያኔ ነው። ቋሚ አጥር አያስፈልግም፤ አንድ መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ለላም ይበቃል። ውኃው ግን በየክፍሉ ይድረስ። ሩቅ ከሆነ በውኃው አካባቢ ያለው ሣር ተመትሮ ያልቃል፣ እበቱም እዚያው ይከማቻል።


የከብት ሐኪም፦

ስለ ሆድ መነፋት የሰሙት ትክክል ነው፣ ነገር ግን ማገጥ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ሥጋቱ ከፍ የሚለው ማገጡ ከግማሽ በላይ ሲሆን ነው፤ እርስዎ የሚያልሙት ከ25 እስከ 30 በመቶ ነው።

የሚሆነው ይህ ነው። ለጋ ማገጥ ቶሎ የሚሟሟ ፕሮቲን አለው። በሆዷ ውስጥ ከጋዙ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሳሙና አረፋ ይሆናል፤ ላሟ ማግሳት የምትችለው ነጻ ጋዝን እንጂ አረፋን አይደለም። ግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ያለው ጎድጓዳ ቦታ፣ ይሞላል፣ ከዚያ ከጀርባዋ በላይ ያብጣል። መጋጥ ታቆማለች፣ ትነሳለች ትተኛለች፣ አንገቷን ዘርግታ በአፏ ትተነፍሳለች። ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

መከላከያው፦ የተራቡ ከብቶችን ማገጥ የበዛበት ክፍል በፍጹም አያስገቡ። መጀመሪያ ድርቆሽ ይጥገቡ፤ ከዚያ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ እኩለ ቀን ገደማ ይግቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ቶሎ ቶሎ ይዩዋቸው። አንድ ጊዜ ከለመዱ በኋላ እያወጡ መመለስ ከዝም ብሎ መተው ይከፋል፤ በተመለሱ ቁጥር ተርበው ይግጣሉና። ውርጭ ከመታው ማገጥ ላይም ለጥቂት ቀናት ይጠንቀቁ። ማገጡ በጣም የበዛበት ክፍል ካለ ፖሎክሳሌን የሚባለው አረፋ መከላከያ ለእያንዳንዱ 45 ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1 ግራም፣ ሥጋቱ ከባድ ሲሆን 2 ግራም ይሰጣል። ለ500 ኪሎ ላም 11 ግራም ገደማ ነው። ከግጦሹ 2 ወይም 3 ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ሁሉም በየቀኑ መብላታቸው መረጋገጥ አለበት። በሚላስ ጨው የሚሰጥ ከሆነ ችግሩ እዚህ ነው፤ ጨው የማትልስ ላም ምንም መከላከያ የላትም።

ከተነፋች ሐኪም እየመጣ ሳለ ያስቁሟት፣ ፊቷ ወደ ዳገቱ ይሁን። በአፍ ወደ ሆድ የሚገባ ቱቦ ያለውና አገባቡን የሚያውቅ ሰው ካለ በዚያው ቱቦ ፖሎክሳሌን ወይም ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ይስጣት። ዘይት እንዲሁ በጠርሙስ ሲሰጥ ወደ ሳምባ ገብቶ ይገድላል። በትሮካር (ጋዝ ማስወጫ ቱቦ ባለው መውጊያ) ጎን መውጋት የመጨረሻው ነው፤ በአረፋ ጊዜ ቀጭኑ ትሮካር ይደፈናል፣ ስለዚህ ያለ ሐኪም አይጀመርም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቀይ ማገጥ ያለበት ድርቆሽ ሲበሉ ለሃጫቸው እንደ ገመድ የሚንጠባጠብ ከሆነ እርጥበት ባለበት ጊዜ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ የሚያወጣ ሻጋታ ነው፤ ያንን ድርቆሽ ያንሱት፣ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋቸዋል። ሌላው፣ ብርዱ አልፎ ሣሩ በለጋነቱ ሲፈነዳ የምታጠባ ላም በማግኒዚየም እጥረት ተንቀጥቅጣ ልትወድቅ ትችላለች። ከዚያ ወቅት 2 ሳምንት ቀድመው ማግኒዚየም ኦክሳይድ ከ30 እስከ 60 ግራም በቀን ለእያንዳንዷ ላም፣ ከጨውና ከሞላሰስ ጋር ቀላቅለው ይስጡ፤ ብቻውን ስለሚመራቸው አይነኩትም።


ሣር ተመልካች፦

ሣሩን አጥፍቶ መዝራት የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ምርመራው 25 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ካለ አታጥፋው፤ ማገጡና ቁመቱ ይበቃሉ። ከ60 በመቶ በላይ ከሆነና መሬቱ ለማሽን የሚመች ከሆነ መተካቱ ያዋጣል። በመካከል ያለው በጥጆቹ ላይ ይወሰናል፤ ለሽያጭ የሚያድጉ ወይፈኖችና የሚደቀሉ ጊደሮች ከሚጋጡበት ክፍል ጀምር። ዳገታማና የሚሸረሸር ቦታን ግን ምንም ያህል ቢያዝ ባታርሰው እመርጣለሁ።

ከመተካት ከሆነ በአንድ ርጭት አይሆንም። ዋናው ደንብ በዚያ ዓመት ዛላ አንድም ዘር እንዳይጥል ነው። ዛላው ሳይወጣ መጀመሪያ ግላይፎሴት በሚባለው ሣር አጥፊ መድኃኒት ይረጫል። ከዚያ በሙቀት የሚበቅል ማፈኛ ሰብል፣ እንደ ሱዳን ሣር ያለ፣ ይዘራና ይጋጣል። ሙቀቱ ሲበርድ ያመለጠው ፌስኪው ተመልሶ ሲያቆጠቁጥ ዳግም ይረጫል። ሳምንት ያህል ቆይቶ አዲሱ ዘር በሄክታር ከ22 እስከ 28 ኪሎ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ይገባል። ሁለተኛውን ርጭት መዝለል አሮጌውን ሣር በአዲሱ መካከል መትከል ነው።

ዘሩ ፈጽሞ ፈንገስ የሌለው ሳይሆን መርዝ የማያመነጭ ኢንዶፋይት ያለበት ይሁን። ፈንገስ የሌለው ፌስኪው ለከብቱ ደህና ነው፣ ነገር ግን በድርቅና በከባድ ግጦሽ ይሳሳል። ጥንቃቄው ዘሩ ላይ ነው፤ ፈንገሱ ዘሩ ውስጥ ሕያው የሚሆነው ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ሙቅና እርጥብ መጋዘን ይገድለዋል። ያለፈ ዓመት ዘር ይበቅላል፣ የገዛህበት ፈንገስ ግን ላይኖርበት ይችላል። ማገጡን በዚያው ወቅት አትዘራው፤ የሣሩ ቡቃያ ሥር እስኪይዝ ቆይተህ በሚቀጥለው የብርድ ማብቂያ በትነው። ዛላ ያወጣ አሮጌ መስክ ላይ የነበሩ ላሞችን ወደ አዲሱ ከማስገባትህ በፊት 3 ቀን ንጹሕ መኖ ይብሉ፤ ዘሩ በእበት ውስጥ ሳይሞት ያልፋል።


ባለ መስክ፦

አንድ የመጨረሻ። ዩሪያውን ከብርድ ማብቂያ ካወጣሁት ለብርድ ወራት ግጦሽ በሚቆየው ክፍል ላይስ?


ሣር ተመልካች፦

እዚያ ቦታ አለው፣ ማገጥ በሌለበት ክፍል ላይ ብቻ። ሣሩ ማደግ ከሚያቆምበት ከ75 ቀን ገደማ በፊት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አጭደህ ወይም አስግጠህ በሄክታር ከ100 እስከ 150 ኪሎ ዩሪያ ዝናብ ሊጥል ሲል በትንና ክፍሉን ዝጋ። ዝናቡ ከራቀ ዩሪያው በሙቀት እየተነነ አየር ላይ ይቀራል። ብርዱ ሲገባ ድርቆሹን አስቀድመህ አብላ፣ የቆመውን ሣር ለኋላ አቆየው፤ ኤርጎቫሊኑ በብርዱ ወራት እየቀነሰ ስለሚሄድ ከወር ከሁለት ወር በኋላ የሚጋጠው ይሻላል። ሽቦውን ከውኃው በኩል ጀምረህ ለ2 ወይም ለ3 ቀን የሚበቃውን ያህል ብቻ እየገፋህ ስጣቸው። የኋላ ሽቦ አያስፈልግም፣ ሣሩ በዚያ ወቅት ተመልሶ አያድግምና።

ከዚያ ክፍል ከብቶቹ ሲወጡ ሣሩ አጭር፣ አፈሩም የሚታይ ሆኖ ይቀራል። ለቀይ ማገጥ ብተና የተመቸ መሬት እሱ ስለሆነ ዘሩን ለዚያ ቀን አዘጋጅተህ ጠብቅ።